የማሴ ፈርጉሰን 135 አሮጌ ዲናሞ በኦልተርኔተር ሲቀየር፦ ፖላሪቲ፣ ፑሊ፣ ሽቦ

አሰላ_ማረሻ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ባለሙያዎች።

ትራክተሩ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው፤ ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ። ባትሪ የሚሞላው አሮጌው ሉካስ ዲናሞ ነው፤ ያ ረጅሙ፣ ድፍን ቧንቧ የሚመስለው፣ ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ የሚገባበት። ትልቁ እግር "ዲ"፣ ትንሹ "ኤፍ" ይላል። ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ለብቻው የተሰቀለ ጥቁር ክዳን ያለው ባለ 5 እግር ሳጥን ነው።

ቀን ሲታረስበት ችግር የለበትም። ማታ ግን የፊቱ ሁለት ባለ 45 ዋት መብራትና ከኋላ የተጨመሩት ሁለት ባለ 55 ዋት ፓውዛዎች አብረው ሲበሩ ባትሪው እየወረደ ይሄዳል። ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ) ብርሃኑ ቀይ ይሆናል፤ በማግስቱ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ይቀራል። ባትሪው 12 ቮልት፣ 75 አምፔር ሰዓት፣ አዲስ ነው።

ኦልተርኔተር መግጠም ይሻላል ወይ? የትኛው መኪና ላይ ያለው ይሆናል? ሬጉሌተሩስ ይነሳል ወይስ ይቆያል? ደግሞ ከትራክተሩ ብረት ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ይህ ችግር ያመጣል? ዳሽቦርዱ ላይ የቻርጅ መብራትም አምፔር መለኪያም አለ።

ሽቦና_ቮልት፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አራቱ አምፖሎች 200 ዋት ናቸው፤ የኋላ መብራትና የዳሽቦርድ አምፖል ሲጨመር 220 ይጠጋል። ለ12 ሲካፈል 18 አምፔር ገደማ። ሉካስ ሲ40 ዲናሞ ጥጉ 22 አምፔር ነው፤ እሱንም የሚሰጠው ሞተሩ ጋዝ ሲያገኝ ነው። ሚኒሞ ላይ ከባትሪው ጋር ጭራሽ አይገናኝም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካት አውት (ዲናሞውን ከባትሪው የሚያገናኘውና የሚለየው) ዲናሞው 13 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ አይዘጋለትም። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ 18ቱም አምፔር የሚወጣው ከባትሪው ነው። እንዲህ ሁለት ሰዓት ከቆመ የባትሪው ግማሽ ሄደ ማለት ነው። አዲስ ባትሪ መግዛትዎ ያልረዳዎት ለዚህ ነው።

ኦልተርኔተር እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዲናሞ ውስጥ ወደ ባትሪው የሚሄደው ኃይል በሙሉ በካርቦኖቹና እነሱ በሚነኩት በሚሽከረከረው የመዳብ ክፍል (ኮሙቴተር) በኩል ያልፋል። በጣም ቢፈጥን ኮሙቴተሩ ይቃጠላል፤ ለዚህ ሲባል ትልቅ ፑሊ ተገጥሞለት ቀስ ብሎ እንዲዞር ተደርጓል። ኦልተርኔተር ግን ኃይሉን የሚያወጣው ከማይዞረው ጥቅል ነው፤ በካርቦኖቹ የሚያልፈው ሮተሩን (የሚዞረውን ጥቅል) የሚያነቃው 3 ወይም 4 አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፑሊ አድርገው በፍጥነት ቢያዞሩት አይጎዳም፤ ሚኒሞ ላይም ይሞላል።

ሆኖም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዲናሞውን ይፈትሹት። ጥፋቱ የላላ ቺንጋ ወይም የዛገ የባትሪ ገመድ ከሆነ ኦልተርኔተሩንም ተከትሎት ይሄዳል። አሠራሩ ይህ ነው፦ "ዲ" እና "ኤፍ" ላይ ያሉትን ሽቦዎች ይንቀሉ፤ ሁለቱን እግሮች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ቴስተሩን አንዱን ጫፍ እዚያ ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው አካል ላይ ያድርጉ። ሞተሩን አስነስተው ከሚኒሞ ቀስ እያሉ ጋዝ ይጨምሩ። ቮልቱ ሳይዘል ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። 20 ቮልት ሲደርስ ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ መግፋት ጥቅሉን ይጎዳል። የእርስዎ ፖዘቲቩ ግራውንድ (ከትራክተሩ ብረት ጋር የታሰረ) ስለሆነ ቴስተሩ የመቀነስ ምልክት ቢያሳይ አይደንግጡ። ግማሽ ቮልት ላይ ከቆመ ካርቦኖቹ አልቀዋል ወይም ተጣብቀዋል። ከ1.5 እስከ 3 ቮልት ላይ ከቀረ ደግሞ የፊልዱ (ማግኔት የሚፈጥረው) ጥቅል ተቋርጧል።

ሥራው ቀን ብቻ ከሆነና ፈተናውን ካለፈ ዲናሞው ይቆይ እላለሁ፤ ካርቦን ቀይሮ ኮሙቴተሩን ቶርኖ ላይ አስልሶ ብዙ ዓመት ያሠራል። ሌሊት የሚያርስ ግን ይቀይር።

የባሌ_ስንዴ፦

ስለ ፖላሪቲው (የትኛው የባትሪ ምሰሶ ከብረቱ እንደሚታሰር) እኔ ልመልስ፤ አዲስ ኦልተርኔተር በአንድ ሰከንድ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነውና።

ገበያ ላይ የሚገኙት ኦልተርኔተሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ኔጌቲቫቸው ግራውንድ ነው። በፖዘቲቭ ግራውንድ ትራክተር ላይ ከታሰሩ የባትሪው ኃይል በዳዮዶቹ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉት) ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ጭስ ሲታይ አልቋል። በማኑዋል ወይም በሽቦ ቀለም አይመኑ። እንዲህ ያረጀ ትራክተር ላይ ማን ምን እንደቀያየረ አይታወቅም። የባትሪው የትኛው ምሰሶ ከብረቱ ጋር እንደታሰረ በዓይን አይተው፣ በቴስተር አረጋግጠው ይጀምሩ።

ለማዞር መጀመሪያ ከብረቱ የታሰረውን ገመድ ከባትሪው ይንቀሉ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ባትሪውን አዙረው ያስቀምጡት። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፦ በተለመደው ባትሪ የፖዘቲቩ ምሰሶ ወፍራም ነው፤ ሥሩ አካባቢ 19.5 ሚሊ ሜትር ግድም፤ የኔጌቲቩ 17.9 ነው። ስለዚህ የድሮው የፖዘቲቭ ማሰሪያ ኔጌቲቭ ላይ ሲገባ ይላላል፤ ሌላኛው ደግሞ አልገባ ይላል። በመዶሻ አይምቱት፣ ምሰሶው ከውስጥ ይሰነጠቃል። ሁለት አዲስ ማሰሪያ ይግዙ፤ ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። ላልቶ የቀረ ማሰሪያ ሞተሩ እየሠራ ከተነቀነቀ ኦልተርኔተሩን ይገድላል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይነሳል።

የተቀሩትን ዕቃዎች ብዙ አያሳስቡ። ሞተሪኖው ባለ ጥቅል ፊልድ ስለሆነ ፖላሪቲ ቢለወጥም የሚዞረው ያው ወደነበረበት አቅጣጫ ነው። አምፖል ግራ ቀኝ አያውቅም። ናፍጣ ስለሆነ ኮይል የለውም፤ ማሞቂያውም የሚግል ሽቦ ብቻ ነው። አምፔር መለኪያው በተቃራኒ ስለሚያሳይ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ያቀያይሩ። የኋላ ፓውዛዎቹ ኤልኢዲ ከሆኑ ግን ቀይና ጥቁራቸውን ሳያቀያይሩ አያብሩ። ሬዲዮ ካለም እንዲሁ።

አሰላ_ማረሻ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲናሞው ፈተናውን አልፏል፤ 20 ቮልት ያለ ችግር ደረሰ። ጥፋቱ አቅም ማነሱ ነው ማለት ነው፤ ሥራው የሌሊት ስለሆነ ይቀየራል። ፓውዛዎቹ ተራ አምፖል ናቸው። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሲጠየቅ የሂሉክስ ናፍጣ፣ የቪትዝ፣ የዲኤክስ እና የአይሱዙ አሉ ተብሏል። የቱ ይወሰድ?

ሽቦና_ቮልት፦

ገበያ ውስጥ ሁለቱንም "ዲናሞ" ስለሚሏቸው ሲጠይቁ "ኦልተርኔተር፣ 12 ቮልት፣ ሬጉሌተሩ ውስጡ የሆነ" ብለው ይጥሩት። ከ45 እስከ 55 አምፔር ይበቃዎታል። 100 አምፔር የሚለውን አይመኙ፤ አንድ ቺንጋ ያን ሁሉ ሲጎትት ይንሸራተታል፣ ሽቦውም እጥፍ ውፍረት ይጠይቃል።

የአይሱዙ የጭነት መኪናው አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ነው። አካሉ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ጠርገው ሳያነቡ አይክፈሉ፤ ሰሌዳው የተነቀለበትን ደግሞ ይተዉት።

የሂሉክስ ናፍጣው ከኋላው ተደርቦ የቫኪዩም ፓምፕ ይኖረዋል፤ ለፍሬን መርጃ የሚያገለግል፣ የዘይት ቱቦ የሚገባበትና የሚወጣበት። ትራክተሩ ላይ ዘይት የሚሰጠው ስለሌለ ፓምፑ ደርቆ ይነክሳል፣ ዘንጉንም ይዞ ይቆማል። ፓምፑን አውልቆ ቀዳዳውን በሚገባ ደፍኖ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ሌላ አማራጭ ካለ ለምን ይደክማሉ።

የቪትዝ ፑሊ ጠፍጣፋና ባለ ብዙ ጥርስ ነው፤ የእርስዎ ቺንጋ የቪ ቅርጽ ያለው ነው። ፑሊው ካልተቀየረ አይሆንም። ዲኤክስ ኮሮላ በቪ ቺንጋ የሚዞር ስለሆነ ለትራክተሩ ይቀርባል፤ ሆኖም አንዳንዱ ሬጉሌተሩ ውጭ የሆነ ነው። እግሮቹ ላይ "ኤፍ" እና "ኤን" የሚል ካዩ ውጭ ነው፤ "አይጂ"፣ "ኤል" (አንዳንዱ "ኤስ" ጭምር) የሚል ከሆነ ውስጡ ነው፣ ይውሰዱት። ሉካስ 17 ኤሲአር ካገኙ ደግሞ 36 አምፔር ነው፣ 18 ኤሲአር 45 ግድም፤ ለእንግሊዝ ሞተር አሰቃቀሉም ይስማማል። 18ቱ ለእርስዎ ልክ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት በእጅ ያዙሩት። ሲዞር ከቀላል የሽር ሽር ድምፅ ሌላ ካሰማ ኩሽኔታው አልቋል። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ጨዋታ ሊኖረው አይገባም።

ቶርኖ_ቤት፦

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ ኋላ ቺንጋ በየሳምንቱ የሚበላው በዚህ ነው።

ዲናሞው ረጅም ስለሆነ ከታች በሁለት ብሎን፣ ከፊትና ከኋላ፣ ተይዟል፤ ከላይ በማጥበቂያው ክንድ። ኦልተርኔተር አጭር ነው፤ የኋላው መያዣ አይደርስለትም። መፍትሔው ከሞተሩ ጎን ያለውን የድሮ መያዣ ሳይነኩ፣ ከፊቱ ጆሮ እስከ ኋላው ጆሮ የሚያልፍ አንድ ረጅም ብሎን ማስገባትና በመካከሉ የቀረውን ክፍተት በብረት ቧንቧ ቁራጭ መሙላት ነው። ቧንቧውን ቶርኖ ላይ ሁለቱንም ጫፍ በትክክል አስቆርጡት። በሮንዴላ ክምር መሙላት አይሆንም፤ ባለ 3 ሲሊንደር ናፍጣ ይንቀጠቀጣል፣ ሮንዴላው እየተበላ ይላላል። አዲስ መያዣ መሥራት የግድ ከሆነ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ብረት ይጠቀሙ። ላሜራ በወር ውስጥ ከታጠፈበት ላይ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ የፐርኪንሱ ብሎክ ጥርሶች የኢንች ናቸው። 3/8 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ኤም 10 ይገባል የሚመስላቸው አሉ፤ በቁልፍ ሲገፉት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ይሄዳል፣ ከዚያ የብሎኩን ጥርስ ይዞት ይወጣል። ብሎኩ ብረት ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ጥርሱ ከተላጠ ሌላ ጣጣ ነው። ከብሎኩ የወጣው ብሎን ተመልሶ እዚያው ይግባ፤ አዲስ ከፈለጉ አሮጌውን ይዘው ሄደው ያመሳስሉ።

ፑሊውን በተመለከተ የክራንኩን ፑሊና የኦልተርኔተሩን ፑሊ ዲያሜትር ይለኩ። ለምሳሌ የክራንኩ 140፣ የኦልተርኔተሩ 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን እጥፍ ይዞራል ማለት ነው፤ ሚኒሞ 750 ዙር ላይ ኦልተርኔተሩ 1500፣ ሙሉ ጋዝ 2250 ላይ 4500። ይህ ጥሩ ነው። የዲናሞውን ትልቅ ፑሊ አውልቀው እዚህ ላይ ካሰሩት ግን ሚኒሞ ላይ ሳይነቃ ይቀራል፤ "ኦልተርኔተርም ያው ነው" የሚል ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በጣም ማሳነስም ጥሩ አይደለም፤ ከ60 ሚሊ ሜትር በታች ቺንጋው የሚይዝበት ቦታ ያጣል።

የቺንጋው ወርድ ከፑሊው ቦይ ጋር ይመሳሰል። ቺንጋ የሚይዘው በጎንና ጎኑ ነው፤ ታችኛው ሆዱ የቦዩን ወለል ከነካ ይንሸራተታል፣ ቦዩም እንደ መስታወት ያበራል። ያንን ብርሃን ካዩ ቺንጋው ጠቧል ወይም ፑሊው አልቋል።

ሦስቱን ፑሊዎች፣ የክራንኩን፣ የፋኑንና የኦልተርኔተሩን፣ በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ያስተያዩ። ብረቱ በክራንኩ ፑሊ ፊት ላይ ተደግፎ የኦልተርኔተሩን ፊት እኩል መንካት አለበት፤ የፑሊዎቹ ጠርዝ ውፍረት የሚለያይ ከሆነ ከቦዩ መሃል ይለኩ። ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛነፈ ያቺን ቧንቧ አሳጥሩ ወይም አስረዝሙ። ከዚያ ቺንጋውን ያጥብቁ፦ ረጅሙ መስመር መሃል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር ብሎ ሲጫን 10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይግባ። ሲያጠብቁ የሚገፉበትን ብረት የኦልተርኔተሩ የፊት ክፍል ላይ ብቻ ይደግፉ፤ የኋላው አልሙኒየም ክዳን ይሰነጠቃል።

ሌላው፣ በአንዳንድ አሮጌ ትራክተሮች የዙርና የሰዓት መቁጠሪያው ኬብል የሚነሳው ከዲናሞው ጀርባ ነው። የእርስዎን ይመልከቱ። ከዲናሞው ከሆነ ዲናሞው ሲነሳ መቁጠሪያውም ይቆማል፤ የሥራ ሰዓት ቆጥሮ ዘይት የሚቀይር ሰው አስቀድሞ ያስብበት።

ሽቦና_ቮልት፦

አሁን ሽቦው። ባትሪው ተነቅሎ ይሁን። ከሳጥኑ ላይ አንድ ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት እያንዳንዱን በፕላስተር ጠቅልለው የእግሩን ስም ይጻፉበት፤ ፎቶም ያንሱ።

ባለ 5 እግሩ ሳጥን "ኤ"፣ "ኤ1"፣ "ኤፍ"፣ "ዲ"፣ "ኢ" የሚል ከሆነ እንዲህ ያድርጉ። "ኤ" ላይ ያለው በአምፔር መለኪያው በኩል ከባትሪው የሚመጣው ነው፤ "ኤ1" ላይ ያለው ወደ ቁልፉና ወደ መብራቱ የሚሄደው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ በነሐስ ብሎንና ዳዶ እስር አድርገው በደንብ ይሸፍኗቸው፤ ምንጊዜም ኃይል አለባቸው። "ዲ" ላይ ሁለት ሽቦ ያገኛሉ፦ ወፍራሙ ከዲናሞው የመጣው፣ ቀጭኑ ከቻርጅ መብራቱ። እነሱንም አንድ ላይ ያገናኙ፤ የድሮው ወፍራም ሽቦ አሁን የመብራት ሽቦ ሆነ ማለት ነው። በኦልተርኔተሩ በኩል ያለውን ጫፉን "ኤል" ላይ (ሉካስ ከሆነ ትንሿ "አይኤንዲ" እግር ላይ) ያስሩ። የ"ኤፍ" ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ይሸፈን፣ ሥራ የለውም። "ኢ" ግራውንድ ነው፣ ይተዉት። ሳጥኑ ሥራ ፈትቶ እዚያው ቢቀር ምንም አይደል፤ በውስጡ ያሉት ጥቅሎች ግን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ውጪ መሆናቸውን ያረጋግጡ። እግሮቹ በሌላ ፊደል የተጻፉ ከሆነ ደግሞ በግምት አያስሩ፤ እያንዳንዱን ሽቦ ተከትለው ወዴት እንደሚሄድ ይዩ።

የድሮውን ሽቦ ለዋናው ኃይል እንዳይጠቀሙበት። ከኦልተርኔተሩ "ቢ ፕላስ" ብሎን (ዋናው ኃይል ከሚወጣበት) እስከ ሞተሪኖው ሶሌኖይድ፣ የባትሪው ገመድ የሚያርፍበት ምሰሶ ድረስ፣ አዲስ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይዘርጉ። ለምን እንደሆነ በቁጥር፦ ለ2 ሜትር ርቀት በ40 አምፔር ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ 0.56 ቮልት ይበላል፣ ባለ 6 ካሬ 0.23፣ ባለ 10 ካሬ 0.14። ግማሽ ቮልት ከጠፋ ባትሪው መቼም ሙሉ አይሆንም። በሽቦው ላይ፣ ወደ ባትሪው በኩል፣ 60 አምፔር ፊውዝ ይግባ። በጭስ ማውጫው አጠገብ አያሳልፉት፤ ላስቲኩ ይቀልጣል።

የቶዮታ ከሆነ ሁለት ተጨማሪ ሽቦ አለ። "አይጂ" ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ቦታ፣ በ10 አምፔር ፊውዝ። "ኤስ" ካለው ቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ በ7.5 አምፔር ፊውዝ፤ ቮልቱን የሚያነብበት ዓይኑ ነው። ሶኬቱ ላይ የሦስቱ አቀማመጥ ስለሚለያይ ከአካሉ ላይ ፊደሉን አንብበው ያስሩ።

የቻርጅ መብራቷን አምፖል አይናቋት። ቁልፉ ሲከፈት በእሷ ውስጥ የምታልፈው ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰች ኃይል ናት ኦልተርኔተሩን የምትቀሰቅሰው። 2.2 ዋት አምፖል ይግባባት። በኤልኢዲ ከቀየሯት ኃይሉ አያልፍም፤ ኦልተርኔተሩ ጋዝ ካልተሰጠው አይነቃም። ኤልኢዲ ይሁን ካሉ ከጎኑ 68 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ያስሩለት።

አምፔር መለኪያው ከዚህ በኋላ መብራት ሲበራ ሁልጊዜ ወደ መቀነስ ያሳያል። ጥፋት አይደለም፤ ኦልተርኔተሩ ባትሪውን የሚሞላው በሌላ መንገድ ስለሆነ መለኪያው የሚያየው ወደ መብራት የሚሄደውን ብቻ ነው። ቮልት መለኪያ ይግጠሙ፤ ለኦልተርኔተር የሚጠቅመው እሱ ነው።

ትራክተሩ በናፍጣ ማቆሚያ ገመድ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው ቁልፉን ክፍት ይተወዋል። ሮተሩ ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያድራል። ገመዱን ሲስቡ ቁልፉንም ይዝጉ።

አሰላ_ማረሻ፦

ገብቷል። 50 አምፔር፣ የቶዮታ፣ ሬጉሌተሩ ውስጡ። ፖላሪቲው ተዞሯል። የቻርጅ መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ልኬቱ ይኸውና፦

ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.5 ቮልት።
1000 ዙር ላይ፣ መብራት ሁሉ በርቶ፣ ባትሪው ላይ 13.3።
በዚያው ሰዓት ከ"ቢ ፕላስ" ብሎን እስከ ኦልተርኔተሩ አካል 14.2።

0.9 ቮልት የት ጠፋ? ሽቦው ባለ 10 ካሬ ነው። ይህች ኦልተርኔተር "ኤስ" እግር የላትም።

ሽቦና_ቮልት፦

"ኤስ" ስለሌላት የምታነበው የራሷን አፍ ነው፤ እሷ ዘንድ 14.2 ስለሆነ ሥራዬን ጨረስኩ ብላለች። ኪሳራው መንገድ ላይ ነው። ሁሉም በርቶ እያለ ሁለት ልኬት ይውሰዱ፦ አንደኛ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ "ቢ ፕላስ" ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ (ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ)። ከ0.3 መብለጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ አንዱን የኦልተርኔተሩ አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ። ከ0.2 መብለጥ የለበትም።

አሰላ_ማረሻ፦

የመጀመሪያው 0.2። ሁለተኛው 0.7።

ቶርኖ_ቤት፦

መያዣው ቀለም ተቀብቷል?

አሰላ_ማረሻ፦

አዎ፣ አዲስ ስለተሠራ እንዳይዝግ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል።

ቶርኖ_ቤት፦

ይኸው። ኦልተርኔተሩ የሚመለሰው በአካሉ፣ በመያዣው፣ በብሎኩ አድርጎ ነው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ አሁን የሚያልፈው በብሎኑ ጥርሶች ብቻ ነው። ፈትተው መያዣው ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበትንና የኦልተርኔተሩ ጆሮ የሚያርፍበትን ፊት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት፤ ካሰሩ በኋላ ጠርዙን ከውጭ ቀለም ይቀቡ። ከዚያ አልፎ ከኦልተርኔተሩ አካል ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ 10 ካሬ ሽቦ ይዘርጉ። የባትሪው ገመድ ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቦታም ይፋቁ፤ ያ ቦታ ጭቃና የአሲድ ነጭ ዱቄት የሚሰበሰብበት ነው።

አሰላ_ማረሻ፦

ሁለተኛው ልኬት 0.1 ሆኗል። ባትሪው ላይ 13.9፣ መብራት ሁሉ በርቶ። ሚኒሞ ላይ 13.6። ከዚህ በኋላ ምን ያበላሸዋል?

የባሌ_ስንዴ፦

ሁለት ነገር ነው በብዛት የሚገድለው። አንደኛው ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መንቀል፤ "ኦልተርኔተሩ ይሠራ እንደሆን ልየው" ብሎ የሚነቅል አለ። በዲናሞ ጊዜ የለመደ እጅ ነው። ኦልተርኔተር ድንገት ባትሪውን ሲያጣ ቮልቱ ይዘላል፣ ሬጉሌተሩንና ዳዮዶቹን ይበላል። ያ የላላ ማሰሪያ ያልኩዎትም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለተኛው ብየዳ ነው። ማረሻው ተሰብሮ ትራክተሩ ላይ እንደተሰቀለ ከመበየዱ በፊት የባትሪውን ሁለቱንም ገመድና የኦልተርኔተሩን "ቢ ፕላስ" ይንቀሉ፤ የብየዳውንም ግራውንድ ከሚበየደው ብረት ላይ አጠገቡ ያስሩ።

የስንዴ ገለባና አቧራ በፊቱ ቀዳዳዎች ይገባል። በአጨዳ ወቅት በየሳምንቱ በደረቅ አየር ይንፉት፤ ትራክተሩ ሲታጠብ ውኃ በግፊት አይልቀቁበት። ቮልቱን አልፎ አልፎ ይለኩ፤ 14.8ን ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪው ሳይፈላ ይቀየር። ባትሪው ያለ ምክንያት ሌሊት መውረድ ከጀመረ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይረው ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ አንዱ ዳዮድ ሄዷል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኦልተርኔተሩን በመዳፍ ይንኩት፤ ሞቅ ካለ ሌሊቱን ኃይል ሲያፈስ አድሯል ማለት ነው።